እቴ ዘሐራ የከፈተችው ምንጭ

ባለፈው ክረምት፣ በተራሮቹ ላይ የጣለው ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ጀማል የሚባል የከሚሴ ልጅ በፒክአፑ ዓረብ አገር ከምንኖርባት ከደርብ ከተማ ወደ ምሥራቅ፣ በልጅነቴ ወደኖርኩበት ሸለቆ ይዞኝ ሄደ። ጀማል ነዳጅ ማደያ ውስጥ ይሠራል። ኢቃማው፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የተስተካከለ፣ ምላሱ የማያርፍ ልጅ ነው።

«ሐጂ፣ ሰው ለሽርሽር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይሄዳል፤ እርስዎ ጭቃ ለማየት ቤንዚን ያስጨርሱኛል» አለኝ።

«ጭቃ አይደለም፤ ግድብ ነው። ዝም ብለህ ንዳ።»

ሸለቆውን አቋርጦ የተጋደመው የአፈር ግድብ አሁንም አለ። የአሁኑን በዶዘር ነው የገፉት፤ እሱም ቢሆን አርጅቷል። አናቱ መሀል ላይ ዝቅ ብሏል፣ ጀርባው ላይ ዛፍ በቅሎበታል፣ ውሃ በሚተኛበት በኩል ደግሞ ሞገድ ጎኑን በልቶታል። እኔ በምርኩዜ አናቱን እየነካካሁ ስሄድ ጀማል ወደ ግርጌው ወርዶ ጠራኝ።

«ሐጂ፣ ምንጭ አለ። እንደ ብርጭቆ የጠራ።»

ሳየው ሊታጠብ ጎንበስ ብሎ ጉድጓዷን በጣቶቹ እየጫረ ያሰፋታል።

«እጅህን አውጣ» አልኩት።

«ምነው?»

«አውጣ አልኩህ። አሁን በመዳፍህ ጨልፈህ አሳየኝ። አሸዋ አለው?»

አልነበረውም። ቢሆንም ከዚያ አስነሳሁት። ከጉድጓዷ የሚወጣው ሽታ ግን አገኘኝ፤ የእርጥብ ደለል፣ የበሰበሰ ሥርና የዝገት ሽታ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጀማል የደከመኝ መስሎት የሚጠጣ ሊያመጣልኝ ወደ መኪናው ሮጠ። አልደከመኝም ነበር። በዕድሜዬ ካሉት የአገሬ ሰዎች እንደ እኔ ብርቱ የለም፤ ደርብ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ስለ አፈር ግድብ የማውቀውን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። የዓረብኛን ፊደል ከዱቄት ጆንያና ዓሣ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቅሜ ነው የለየሁት። የአማርኛውንም እንዲሁ፣ ካገኘሁት ሰው ሁሉ ጥቂት ጥቂት እየወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሃና ስለ አፈር የተጻፈ ነገር እጄ ገብቶ ሳላነበው ያለፈ የለም። አንድ ግድብ አሳዩኝ፤ አንዴ ተመላልሼበት የሚያመውን ቦታ እነግራችኋለሁ። የትምህርቴ መጀመሪያ ግን ያ አንድ ክረምት ነው።

ወደዚህ አገር የመጣነው ለሐጅ ነበር፤ አባቴ እንድሪስ፣ እህቱ ዘሐራና እኔ። እናቴ እኔን ስትወልድ ወሎ ውስጥ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ «እቴ» ነበር የምላት። ሐጁ ደረሰ፤ የመመለሻ ስንቅ ግን አልተረፈም። እንደ ብዙ የአገራችን ሰው ሥራ እየጠየቅን በባሕሩ ዳር ወደ ደቡብ ወረድንና ሸለቆው ውስጥ የአንድ ሸይኽ የማሽላ እርሻ ላይ ሥራ ገባን። አባቴ በበሬ የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል፣ እቴ ዘሐራ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ለእኛም ውሃ ትቀዳለች።

በዚያ አገር ዝናቡ እርሻው ላይ አይዘንብም ማለት ይቻላል። የሚዘንበው በአር-ሪስ በኩል ባሉት ተራሮች ላይ ነው፤ ውሃው ደረቁን ሸለቆ ይዞ በድንገት ይወርዳል። ሰዎቹ ሸለቆውን በአፈር ክምር ይዘጉና ውሃውን አስቁመው ወደ ማሳቸው ያዞሩታል። ክምሩን ዑቅም ይሉታል። ሲሚንቶ የለው፣ ብረት የለው፤ በሬዎች ሰፊ ሳንቃ እየጎተቱ የቆለሉት አሸዋና ደለል ነው። ደግሞም እንዲፈርስ ተደርጎ ነው የሚሠራው። በአንድ ወገኑ «አፍ» የሚሉት፣ ሆን ተብሎ ላላ ተደርጎ የሚደለደል ቦታ አለው። የላይኛው ማሳ ጠጥቶ ሲበቃው አፉን ይቆርጡና ውሃውን ለታችኛው ማሳ ይለቁለታል። ለሚቀጥለው ዓመት መልሰው ይሞሉታል። ሕጋቸው ይህ ነው።

የእኛ ሸይኽ ዑቅም ግን አፉ ሳይቆረጥ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር። ደራሹ ውሃ ለዓመታት ትንሽ ስለነበር ከላይኛው ማሳ የሚተርፍ አልነበረም። የታችኛው ማሳ ተሰነጣጥቆ ግመል የሚግጠው እሾህ አበቀለ። አፉም እንደ ሌላው ጎን ደረቀ፣ የዛፍ ሥር ገባበት፣ ጡብ ሆነ። ያልፈረሰ ግድብ ጠንካራ ይመስላል፤ ሰዉ ሁሉ ይኮራበት ነበር። ለእኔ ደግሞ ተንበርክኮ እንቅልፍ የወሰደው ትልቅ ግመል ነበር። አናቱ በፀሐይ ሲሰነጠቅ ቆዳው ደርቆ፣ ግርጌው በማለዳ ሲረጥብ አልቦት እየመሰለኝ አዝንለት ነበር።

የግድቡ ጠባቂ ዓሚ ጁብራን የሚባል የአገሩ ተወላጅ ሽማግሌ ነው። «ዓሚ» አጎቴ ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ሁሉ እንዲያ ይጠራል። ወገቡ ላይ ጩቤ፣ ከጆሮው ጀርባ የበሶብላ ቅጠል አይለየውም። በየማለዳው የግድቡን አናት ይዞ እየሄደ መሬቱን በዱላው ይመታል፤ ከዚያ ተደፍቶ ጆሮውን ይለጥፋል። እኔ ከጂን ጋር የሚያወራ መሰለኝ። አንድ ቀን ድፍረቴን ሰብስቤ ተከተልኩት። ዓረብኛውን በጥቂት ወራት ከግመል ጠባቂዎቹ ለቃቅሜ ጨርሼው ነበር፤ ከእኛ ሰዎች መሀል እንደኔ የቀናው አልነበረም።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«እርቦኛል አለ» አለ ዓሚ ጁብራን ጆሮውን ሳያነሣ። «ጥያቄ የሚያበዛ ሐበሻ ልጅ አምጣልኝ፣ ሥጋው ለስላሳ ነው አለኝ።»

ለመሮጥ ስዞር በሳቅ ወድቆ ተቀመጠ። ከዚያ እጄን ይዞ ዱላውን አስጨበጠኝ። «እዚህ ምታ። አሁን ደግሞ እዚህ።» የመጀመሪያው ደፈን ያለ ድምፅ ሰጠ፤ ሁለተኛው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። «እዚህ ጋ አይጥ ቤት ሠርታለች» አለኝ። ጉድጓዷን ከፍተን፣ ጭቃና እበት አቡክተን፣ በእንጨት እየጠቀጠቅን ሞላናት። ገና ቀጫጭን የሆኑትን ዛፎች ከነሥራቸው እንድነቅል አስተማረኝ። «ዛፍ ሲሞት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ባዶው መንገድ ለውሃ ይቀርለታል» አለኝ።

«ግርጌው ለምን ይረጥባል?»

«ሽማግሌ ነዋ። እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ እኔም አንዳንድ ማለዳ እረጥባለሁ።» እንደገና ሳቀ። «መርጠብ አይገድልም፣ ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ። የሚገድለው ውሃው አፈር ይዞ ሲወጣ ነው።»

እኔ መርጠቡ ላይ ስስቅ የኋለኛውን ብዙም አላሰብኩበትም፤ ግን ያዝኩት። የሰማሁት ነገር አይጠፋኝም።

ያን ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ዓሚ ጁብራን ሸይኹን ሲለምነው ነበርኩ። «አፉን እናላላው፤ ደንድኗል» አለው። ሸይኹ አህያው ላይ እንደተቀመጠ፣ «አላልተነው ደራሹ ትንሽ ቢሆንስ? ውሃዬን እሾህ ላጠጣ? ከአጨዳ በኋላ። ኸላስ፣ በቃ» አለና ሄደ።

እኛ ሐበሾቹ የምንኖረው ከግድቡ ግርጌ ትንሽ ፈቀቅ ብለው በተሠሩ የሣር ጎጆዎች ውስጥ ነበር። ውሃችን ከሸይኹ ጉድጓድ ነው፤ ሩቅ ነው፣ ጨዋማ ነው፣ ሐሰን የሚባል ጠባቂ አለው። ሐሰን ከብቱ ጠጥቶ፣ የሸይኹ ቤት ሰዎች ቀድተው ሳያበቁ የእኛን ሴቶች አያስጠጋም። እቴ ዘሐራ ከፍየል ቆዳ የተሰፋውን የውሃ ስልቻ ታቅፋ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። አንድ ቀን ተራዋ ደርሶ ገመዱን ስትይዝ ሐሰን ነጠቃትና አንዲት ዘግይታ የመጣች ፍየል አስቀደመ።

«ጠይቀው» አለችኝ። «እኔና ፍየሏ ማን እንበልጣለን በለው።»

ተረጎምኩ።

«ፍየሏ ወተት ትሰጣለች» አለ ሐሰን፣ ሳይስቅ።

እሱንም ተረጎምኩላት። እቴ ዘሐራ ለተሳዳቢ መልስ የማታጣ ሴት ነበረች፤ ስንመጣ በመርከቡ ላይ አንድ ነጋዴ ጫማዬን ረገጥሽ ቢላት ሰው ፊት አዋርዳው ነበር። ያን ቀን ግን ስልቻውን ሞልታ ጀርባዋ ላይ አዘለች። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ስልቻውን አውርዳ ተቀመጠች። እኔ ስልቻው የከበዳት መሰለኝ።

የመጀመሪያው ደራሽ ውሃ መጣ። መካከለኛ ነበር። ከግድቡ ጀርባ ቡናማ ሐይቅ ተኛ፣ የላይኛው ማሳ ጠጣ፣ ሸይኹ አህያው ላይ ሆኖ አመሰገነ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እቴ ዘሐራ ከጎጆው ጓሮ ጠራችኝ።

«ይማሜ፣ ና ቅመስ።»

በግድቡ ግርጌ፣ እርጥበቱ ሁልጊዜ በሚታይበት ቦታ፣ ጣት የምታህል ውሃ ትፈልቃለች። በመዳፏ ጨልፋ አጠጣችኝ። ጨው የለባትም፤ ቀዝቃዛ ናት። እቴ ዘሐራ ተንበርክካ ፊቷን ስትታጠብ ሳየው ያን ፊት የማላውቀው መሰለኝ። ልጅ የሆነች ይመስል ነበር።

በእኛ አገር ምንጭ እንዲሁ አይተውም። ይጠረጋል። ብረት አይነካውም፤ በእጅ ነው፣ ጭቃው እየወጣ፣ «ዓይኑ» እስኪገኝ ድረስ። ዓይኑ ሲገኝ ዙሪያውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከብቡታል፣ ዱዓ ይደረግበታል። ያልጠረጉት ምንጭ ይታፈናል፣ ይቀየማል፣ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል ይባላል። እቴ ዘሐራ ይህን ሥራ ከእናቷ ጋር ሠርታ አድጋለች። ሌሎቹን ሴቶች ጠራች፤ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው እያስገቡ ጭቃውን ያወጡ ጀመር። በጠረጉ ቁጥር ውሃው ይበዛል። በበዛ ቁጥር እልል ይላሉ። እኔ ክንዴ ቀጭን ስለነበር ሌላው ወደማይደርስበት ገብቼ አሸዋ አወጣሁ። ውስጡ ለብ ይላል፤ ውሃው ጣቶቼን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ግመሉ አንድ ዓይኑን የገለጠልን መሰለኝ።

በአገራችን ምንጭ ከተራራ ነው የሚወጣው፤ ተራራ ደግሞ አያልቅም። እነዚያ ሴቶች ቀና ሲሉ ያዩት የለመዱትን ነው፣ ከፊታቸው የቆመ ከፍ ያለ መሬት። ከዚያ መሬት ማዶ ሐይቅ እንደተኛ ሁሉም ያውቃሉ፤ ዓሣ እያጠመዱበት ነበር። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ያሰበ ግን የለም።

ማሽላ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ዱዓ ተደረገ። አባቴ እንኳ ጠጥቶ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ዘሐራ፣ ከሐሰን ፊት አወጣሽን» አላት።

«ወደዚያ ጉድጓድ አልመለስም» አለች እሷ። «በሕይወቴ አልመለስም።»

ዓሚ ጁብራን በማግሥቱ መጣ። ድንጋይ የተከበበውን ጉድጓድ ሲያይ ከጆሮው ጀርባ ያለውን በሶብላ አውጥቶ ጣለ። ሲቀልድ እንጂ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። ተንበርክኮ ውሃውን ጨለፈ፣ መዳፉን ወደ ፀሐይ አዘነበለ፣ ጠረገ፣ እንደገና ጨለፈ።

«እስካሁን የጠራ ነው» አለ። «ማነው የቆፈረው?»

«እኛ» አልኩት በኩራት። «እኔም ቆፍሬያለሁ።»

አባቴን አስጠራው። የተናገረውን ቃል በቃል ተረጎምኩ። ጉድጓዱን በጭቃ አትድፈኑት፣ ከደፈናችሁት በሌላ ቦታ ይወጣል አለ። በሥሩ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ድንጋይ ይደረግ። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። ዛሬ መጽሐፍ ገልጬ ስፈልግ ያገኘሁት ይህንኑ ነው፤ አንድም የሚጨመርበት የለም።

አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ አሸዋና ጠጠር አስመጣ። እቴ ዘሐራ ግን ሄዳ ምንጩ ውስጥ ተቀመጠች። እግሯን ዘርግታ፣ ቀሚሷ እየረጠበ።

«ተነሽ» አላት አባቴ።

«ምንጭ አልደፍንም። ምንጭ የደፈነ ሰው ምን እንደሚሆን እናታችን አልነገረችህም?»

«ዘሐራ፣ ሰውዬው ያውቃል። ዕድሜውን እዚህ ግድብ ላይ ነው የጨረሰው።»

«ግድቡን ይወቅ። ስለ ምንጭ ምን ያውቃል? አገሩ ምንጭ አለ? በሕይወቱ ምንጭ አይቶ ያውቃል?»

«ግድቡ ከሄደ ጎጆው ይሄዳል ይላል።»

«ሐሰን ነው የላከው» አለች። «የራሳችንን ውሃ ስላገኘን ጉድጓዱ ዳር የሚያቆመው ሰው አጣ። ጠይቀው፣ ይማሜ፣ ሐሰን አይደለም ወይ የላከህ በለው።»

ተረጎምኩ። ዓሚ ጁብራን አይደለም ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ሊያነሣት አይችልም፤ ለባዕድ ሴት እጅ መዘርጋት በእነሱም በእኛም ነውር ነው። ቀሚሷ ረጥቦ አካሏ ላይ ስለተጣበቀ ዓይኑን እንኳ ወደሷ ማድረግ አልቻለም፤ ፊቱን ወደ ግድቡ አዙሮ ነው የሚያናግረን። «ወንድሟ ያንሣት» አለ። አባቴ ቆሞ ቆሞ አሸዋውን ከምንጩ ዳር ገለበጠና በሬዎቹን ይዞ ተመለሰ። እህቱ ነች። ደግሞም፣ አሁን ሳስበው፣ በፍየሏ ምክንያት ሐሰን ጉድጓድ ዳር የሆነውን እኔ ነግሬው ነበር።

ክምሩ እዚያው ቀረ። ዓሚ ጁብራን በየማለዳው ይመጣል፣ ይጨልፋል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ሰላምታውም ከእኔ ጋር ብቻ ሆነ። እቴ ዘሐራም እሱ ሲመጣ ከጎጆ አትወጣም፤ ሲሄድ ግን ትጠይቀኛለች። «ምን አለ?» ትለኛለች። «የጠራ ነው አለ» እላታለሁ። «እኔስ ምን አልኩ» ትላለች። ከዚያ ቀስ ብላ ደግሞ፣ «ያ አሸዋ ነገር፣ የቱ ነው በፊት የሚገባው ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ለጨዋታ የጠየቀችኝ መሰለኝ።

ትልቁ ደራሽ ውሃ የመጣ ቀን ከጠዋት ጀምሮ የአር-ሪስ ተራሮች አይታዩም ነበር፤ በቦታቸው ጥቁር ግድግዳ ቆሟል። እኛ ላይ ፀሐይ ነው። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ምድሩ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ዋሻ ውስጥ ከበሮ የሚመታ መስሎኝ ነበር። ዓሚ ጁብራን የግድቡ አናት ላይ ሆኖ ጮኸ፤ ወንዶቹ ሁሉ ዶማ ይዘው ወደ አፉ ሮጡ። ዘንድሮ ከላይኛው ማሳ ተርፎ የሚፈስ ውሃ እንደመጣ ሁሉም ገባው፤ አፉ መቆረጥ አለበት።

አፉ ግን አልቆረጥ አለ። ዶማው እንደ ድንጋይ ላይ ይነጥራል። ለዓመታት የተጠላለፈው ሥር ሳንቃውን ያዘው፤ በሬዎቹ ተንበረከኩ። አባቴ ሥሩን በመጥረቢያ ይቆርጣል፣ ዓሚ ጁብራን በእጁ ይጎትታል። ውሃው በስተጀርባቸው ከፍ ይላል። ሸይኹም አለ፤ ከአህያው ወርዶ ቆሟል።

እኔ ምንጩ ጋ ነበርኩ። እቴ ዘሐራ ውሃ እየቀዳች ነው። ያየሁት እኔ ነኝ፣ ከሁሉም በፊት፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ መሰለ።

«እቴ፣ ውሃው ታመመ» አልኳት። «አፈር ይዟል።»

እጇን አስገባች። ስታወጣው መዳፏ ውስጥ እፍኝ አሸዋ ነበር። አሸዋውን አየች፤ ቀና ብላ ግድቡን አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ማዶውን ያሰበችው ያኔ ይመስለኛል። ፊቷ አልተለወጠም። ስልቻውን ከአጠገቧ ወረወረች።

«ሂድ፣ ሰዉን ከጎጆ አስወጣ። ወደ ጉብታው። ልጆቹን አስቀድም።»

«አንቺስ?»

«አሸዋውን አገባለታለሁ። የቱ ነው በፊት ያልከኝ?»

«አሸዋ። ከዚያ ጠጠር።»

«በል ሩጥ።»

ሮጥኩ። በየጎጆው ደጅ እየጮህኩ፣ የተኙትን በእግሬ እየመታሁ፣ አንዲት አራስ ከነልጇ እየጎተትኩ ሁሉንም ጉብታው ላይ አወጣሁ። ዛሬ ደርብ ውስጥ ሱቅ የከፈቱ፣ ልጅ የዳሩ ሰዎች አሉ፤ አያቶቻቸውን ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። አንድም ሰው ከጎጆ ውስጥ አልቀረም።

ከጉብታው ላይ ሆኜ አየኋት። ሻሿን ፈትታ፣ አሸዋውን በሻሿ እየሞላች ትገለብጣለች። ከዚያ ጠጠሩን በእቅፏ። ልክ እንደተባለው ነው የሠራችው። አንድ ጊዜ ቆም ብላ ጎንበስ አለች፤ ውሃው ጠርቶላት ይሆናል። ድንጋይ ወደ ማንሣቱ ገባች። ዓሚ ጁብራን ከአናቱ ላይ አያትና «ተዪው፣ ውጪ» እያለ ጮኸ፤ ቋንቋውን አታውቅም። አባቴ መጥረቢያውን ጥሎ በግድቡ አናት ላይ ወደሷ መሮጥ ጀመረ፤ ሁለት ሰዎች ያዙት።

ግድብ ሲሄድ እንደ ነጎድጓድ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። አይጮህም። አናቱ ከሷ በላይ ባለው ቦታ ዝቅ አለ፣ የደከመው ሰው ሲቀመጥ እንደሚሆነው። ከዚያ እዚያ ቦታ ላይ ግድብ አልነበረም። እቴ ዘሐራ ሁለት እጇ ድንጋይ እንደያዘ ነበር። ቡናማው ውሃ ጎጆዎቹን አንሥቶ፣ ክዳናቸው ሳይበተን፣ እንደ ጀልባ ይዟቸው ሄደ።

ሳይመሽ ውሃው ጎደለ። ዓሚ ጁብራን እኛ ወዳለንበት መጣና ከአባቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እህትህ አሸዋውን ያስቀመጠችው ልክ ነበር። ዘግይቶ ነው እንጂ» አለ። ይህን አልተረጎምኩም። አባቴም እስከዚያ ዓረብኛውን ጥቂት ጥቂት መስማት ጀምሮ ነበር፤ ገብቶታል።

ለብዙ ቀናት ፈለግናት። ሸለቆው ባሕሩ አጠገብ ካለው የጨው ሜዳ እስኪደርስ ድረስ ሄድን። ስልቻው እሾህ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። ሻሿን አንድ ግመል ጠባቂ አምጥቶ ሰጠን። እሷ አልተገኘችም።

ለዓመታት ሳይጠጣ የኖረው የታችኛው ማሳ ግን ጠጥቶ ነበር። ክንድ የሚደርስ አዲስ ደለል ተኝቶበት፣ ላዩ እንደ ቆዳ ያብረቀርቃል። ሸይኹ አባቴን አስጠራው። «አላህ ያጽናችሁ» አለ። ቀጥሎ፣ «መሬቱ ሳይደርቅ ያላ፣ ዝሩ» አለ።

ዘራን። ደለሉ ለበሬ ገና ስለሚሰምጥ በእንጨት ነበር የምንዘራው። አባቴ እንጨቱን ይሰካል፣ እኔ ማሽላውን ጉድጓዷ ውስጥ እጥላለሁ፣ በእግሬ እመልሳለሁ። ማሽላ ከጣት በላይ መጥለቅ እንደሌለበት ያኔም አውቅ ነበር። አባቴ ግን እንጨቱን እስከ ክንዱ ይሰድደዋል። ይደገፍበታል፣ ይጠብቃል፣ ያወጣዋል፣ አንድ እርምጃ ወደጎን ይሄዳል፣ እንደገና ይሰድደዋል።

«አባባ፣ ጠለቀ። ከዚህ አይበቅልም።»

«ጣል።»

«ይበሰብሳል እኮ።»

«ጣል አልኩህ፣ ይማም።»

ኀዘኑ ሙያውን ያስረሳው መሰለኝ፤ አፈርኩለት። አንድ ከሰዓት በኋላ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ አንድ ነገር ነካና ቆመ። አባቴ ወደቀ ማለት ይቻላል። በሁለት እጁ ደለሉን ይዝቅ ጀመር፤ እኔን ወደኋላ ገፋኝ። ቆፍሮ ቆፍሮ ያወጣው የዛፍ ግንድ ነበር፤ ግድቡ ጀርባ ላይ ከበቀሉት የአንዱ። ግንዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። እህቱን ሲፈልግ እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ። ግንዱን ወደጎን አስቀመጠና፣ «እዚህም ጣል» አለኝ።

ማሽላው በቀለ። የጎረቤቶቹ ታችኛው ማሳ ሰው የሚሰውር፣ እንዲህ ያለ ማሽላ አይተን አናውቅም የተባለለት ሆነ። የእኛ ግን ራሰ በራ ነበር፤ እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት፣ መሀሉ ባዶ። ሸይኹ አህያውን ማሳው ዳር አቁሞ ብዙ ተመለከተ።

«ያ እንድሪስ» አለ። «አባትህ መዝራት አላስተማረህም?»

አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዘራ የኖረ ሰው ነው። ወደ እኔ ዞረ፤ በዓረብኛ ራሱ መመለስ ይችል ነበር።

«አላስተማረኝም በለው» አለኝና እንጨቱን አንሥቶ ወደ ማሳው ወረደ።